በእትዬ መዳፍ ላይ አልይዝ ያለው ሂና

ሰኞ፣ ኅዳር 24

ብርዱ ጠቅልሎ ገባ። ዛሬ ጠዋት የሂናውን ዱቄት ቆርቆሮ ስከፍት ክዳኑ ጣቴ ላይ ሊጣበቅ ምንም አልቀረው። የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ወትፌዋለሁ፤ ነፋሱ ግን መግቢያውን ያውቃል።

እትዬ ዘንድሮ ምን እንደነካት እንጃ። ከአልጋዋ ሳትወርድ «ጩጬ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንቺ አቡኪ» አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝም ለሷ ጩጬ ነኝ፤ እሱስ ይሁን። ማቡካት ግን የሷ ስራ ነው። እሷ ታቦካለች፣ እኔ በሴቶቹ እጅና እግር ላይ እስላለሁ። እናታችን ከሞተች ወዲህ የበላነውም የለበስነውም በዚሁ ነው። የሠርግ ወቅት ደጃፍ ላይ ቆሞ ስራ ይቀያየራል?

«አልችልበትም» አልኳት።

«ለዚህ እኮ ነው ተማሪ የምልሽ።»

«አንቺ እያለሽልኝ ምን አስጨነቀኝ?»

ካልሲዋ ላይ ሌላ ካልሲ ደረበች፤ አንዷን ለማጥለቅ ሁለት ጊዜ አረፈች። ስንፍና በእድሜ ይመጣል ማለት ነው።

አቦካሁ እንግዲህ። ዱቄቱን በአሮጌ ስቶኪንግ ነፋሁ፣ ሎሚ ጨመቅኩ፣ ስኳር ነሰነስኩ፣ የቅርንፉድ ዘይት ጠብ አደረግሁበት። እሷ ትራስ ተደግፋ «ቀጠነ፣ ዱቄት ጨምሪ፤ አሁን ደግሞ ወፈረ» እያለች ነፍሴን አወጣችው። እንደ እርጎ ከማንኪያው ተዝለግልጎ ሲወርድ ልክ ነው አለች። ሸፍኜ አሳደርኩት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 25

ብጫ ሆኖ ቁጭ አለ።

መፈተኛችን የእትዬ መዳፍ ነው። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። ሂና የሚወደው መዳፍ አላት፤ ከማንም ሴት ይልቅ ጠቆር አድርጎ ይይዛታል። እሷ ላይ ካማረ ደንበኛ ላይ ያምራል፣ ሌላ ፈተና አናውቅም። ዛሬ ጠብታውን ፍቄ ሳየው የሻይ እድፍ ነው የሚመስለው። ሳህኑን ሙሉ ደፋሁት። «ለምን ትደፊዋለሽ? እስቲ ደንበኛ ላይ ሞክሪው» ብትለኝ አልሰማኋትም። በገዛ እጄ ላፍር እንዴ?

ከሰዓት ከልብስ ሰፊው ጋር ወጣች። ከእኛ ክፍል በታች ነው ሱቁ፤ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፣ ጨዋ ሰው ነው። ጨርቅ ልትመርጥለት ነው አሉ። ዕድሜውን ሙሉ ሲሰፋ የኖረ ሰው ዛሬ ጨርቅ መምረጥ ጠፋበት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 27

ሁለተኛ ትምህርት። በብርድ ጊዜ ሂና እንቅልፋም ነው፣ ቀለሙ ቶሎ አይወጣም። ምድጃ ላይ ከጣድሽው ደግሞ ሞተ። ስለዚህ ሳህኑን በላስቲክ ሸፍኖ፣ የፍል ውሃ ከረጢት አስጠግቶ፣ ሁለቱን አንድ ላይ በብርድ ልብስ መጠቅለል ነው። ላዩ ቡናማ ሆኖ ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ደርሷል።

ያለን ከረጢት አንድ ነው። እትዬ ከእቅፏ አውጥታ ለሂናው ሰጠችውና እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከተተች።

«ልመልስልሽ?»

«ተይው፣ እኔ ደንበኛ አልጠብቅም» ብላ ሳቀች።

እሁድ፣ ኅዳር 30

አሁንም ብጫ። የምደፋበት ጊዜ ግን አልነበረም፤ ደንበኛዬ አስተማሪዋ ቀጠሮዋን ይዛ ከች አለች። እጇ ከውጭ ስትገባ በረዶ ነበር። ሙቅ ውሃ ያለበት ኩባያ አስይዤ፣ ጣቶቿ እስኪፍታቱ ጠብቄ ሳልኩላት። ሲደርቅ የሎሚና የስኳር ውሃ ነካ ነካ፣ ከላዩ ሶፍት፣ ከሶፍቱ በላይ ካልሲ። «እስከ ነገ ውሃ እንዳታስነኪው፤ ቀለሙ ካልያዘ በብርዱ አመካኚ» አልኳት። ሰው ነኝና አስቀድሜ መሸሻ አበጀሁ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 2

አስተማሪዋ ልታሳየኝ ብላ ብቻ ደረጃውን ወጣች። ጥቁር ቀይ፣ የጡብ ቀለም። ቤቷ ሙቅ ቢሆን ነው። ለአንዳንዱ ሰው ሁሉ ነገር ይሳካለታል።

እትዬና ልብስ ሰፊው ዛሬም ወጡ። ማክሰኞ ማክሰኞ ሆነ እንግዲህ ነገሩ። ስትመለስ ደረጃው መሃል ቆማ የጎረቤት ልብስ ማስጫ ታያለች። ምን የሚታይ አለው? የሰው ካናቴራ ነው።

አርብ፣ ታኅሣሥ 5

እጅ መታጠቢያ ውሃ ልደፋ ስወጣ ከታች ድምፃቸውን ሰማሁ።

ልብስ ሰፊው «ማወቅ አለባት፣ እህትሽ ናት» ይላል።

እትዬ «ወቅቱ ይለፍና እነግራታለሁ። አሁን ብነግራት እጇ ይንቀጠቀጥባታል» ትላለች።

«ብትቀየምሽስ?»

«ትቀየመኛለች። የት ትደርሳለች?»

ባልዲውን እንደያዝኩ ተመልሼ ገባሁ።

ሊጋቡ ነው። ሌላ ምን ይሆናል? እኔ ሞኟ የማቡካት ትምህርት እያልኩ ስነጫነጭ ለካ ልትሄድ ነው ሥራውን የምታስረክበኝ። አላገባም ብላ የኖረች ሴት ዛሬ ምን አገኛት? ደግሞ አግብታ የምትሄደው አንድ ደረጃ ታች ነው፣ ምን አስለቀሰኝ? ግን አለቀስኩ። ትራሴን ነክሼ። እናቴን አላስታውሳትም፤ ፀጉሬን የሠራችኝ፣ ትምህርት ቤት ያደረሰችኝ፣ ስታመም ሌሊቱን ስትቀመጥ ያደረችልኝ እትዬ ናት። እንዳትሄድብኝ ነው የምፈልገው። በቃ። ደብተር ነው፣ ማን ያየዋል።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

ሩጫ። የጥር አራቷ ሙሽራ እናት መጣች። ሙሽራዋ፣ እህቶቿ፣ አክስቶቿ፣ ሁሉም በአንድ ቀን። «ያለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ላይ እንደወጣው ይጥቆርልኝ፤ ነግሬሻለሁ» አለችኝ። እሺ አልኩ። በየትኛው አፌ እሺ እንዳልኩ እኔም አላውቅም። ዱቄት ሻጩ ጋ መሄድ። ላስቲክ መግዛት። ሎሚ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 11

ስኳር ቀነስኩ፣ ብጫ። ስኳር ጨመርኩ፣ ብጫ። ሎሚውን ትቼ በጠቆረ ሻይ አቦካሁ፣ ብጫ። እትዬ መዳፏን እንደ እዳ ከፋይ እየዘረጋች ታስቀባኛለች። በግራዋ ሞከርኩ፣ በቀኟ ሞከርኩ። ዱቄት ሻጩ አታሎኛል፣ አሮጌ ዱቄት ነው የቀላቀለብኝ።

ዛሬ ደግሞ የልብስ ሰፊውን ጫማ አድርጋ አየኋት። የወንድ ጫማ፣ ማሰሪያው ተፈቶ። «የኔ ጠበበኝ» አለች። ፍቅር እግር ያሳብጣል ሲባል ሰምቼ አላውቅም። ማታም ተደላድላ አትተኛም፤ ሦስት ትራስ ደርድራ እንደ ጥበቃ ቁጭ ብላ ታድራለች። ምን እያሰበች እንደሆነ ይገባኛል።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 16

ዛሬ ክፉ ነገር ተናገርኩ።

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆምኩ። ልብስ ሰፊው ታች ይጠብቃታል። ነጠላ ጫማዬን እንዳደረግሁ፣ እጄ ሂና በሂና ሆኖ «ሂጂ፣ አግቢው። ምን ትደብቂኛለሽ?» አልኳት።

አየችኝ። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆነና ግድግዳውን ይዛ ቆመች። «ማንን ነው የማገባው ጩጬ?»

የሳቀችብኝ መስሎኝ ደሜ ፈላ። «ደግሞ ማን እጅሽን ይይዝልሻል? ሬሳ እጅ ያለሽ» አልኳት።

እንዲህ ብዬ ነው ያልኩት። ልሰርዘው ነበር፤ ይቀመጥ፣ አይኔ እያየው ይቀመጥ። እጆቿን ኮቷ ኪስ ከታ ቀስ ብላ ደረጃውን ወረደች። እየቆመች፣ እየወረደች፣ እየቆመች።

አርብ፣ ታኅሣሥ 19

ይቅርታ ልላት ሦስቴ አፌን ከፈትኩ፤ ሦስቴም ስለ ሎሚ አወራሁ።

እሷ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ሂናው እየተጨመቀ የሚሳልበትን ኮን መጠቅለል አስተማረችኝ። ላስቲኩን ባለ ሦስት ማዕዘን ቆርጦ፣ ጫፉ መርፌ እስኪመስል አጥብቆ መጠቅለል። የመጀመሪያው ተፈታብኝ፤ ሁለተኛው ጫፉ ቀዳዳ የለውም። «ይኼ ለሙሽራ ሳይሆን ለፖሊስ ፊሽካ ነው» አለች። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ይቅርታ ማለቱ ይበልጥ ከበደኝ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 25

ዱቄት ሻጩ ጋ ሄድኩ። የተቦካውን በቆርቆሮ ይዤ ነው የሄድኩት፤ ገበያ ለገበያ ላዋርደው። ያለ የሌለ አፌን ከፈትኩበት። ሽማግሌው አስጨርሶኝ፣ ቆርቆሮውን ተቀበለኝና ከሂናው በጣቱ ዛቅ አድርጎ እዚያው መዳፉ መሃል ለጠፈው። ላዩን በላስቲክ ሸፈነ፣ በሻርፑ ጠቀለለ።

«ነገ ነይ እናቴ። ያኔም ብጫ ከሆነ ስደቢኝ» አለ።

አርብ፣ ታኅሣሥ 26

ሄድኩ። መዳፉን ዘረጋልኝ።

ጠቁሯል። ሽክርክሪት የሌለው አንድ ጥፍጥፍ ነው፣ ግን እንደ ተጋገረ ጡብ ቀልቷል። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ነፋስ የሚመታው ማዕዘን ላይ ነው የሚቆመው፤ ምድጃ የለው፣ ምን የለው።

«ብርድ ነው እንዳትዪኝ፤ ብርዱን ከኔ በላይ የሚበላው የለም። ዱቄት ነው እንዳትዪኝ፤ ይኸው ዱቄቱ። የማን እጅ ነው አልይዝ ያለው?»

«የእህቴ።»

ሰውየው እጁን አጠፈ። ቁጣው ሁሉ ከፊቱ ወረደ። «ደህና ናት?» አለኝ።

«ደህና ናት» አልኩት። ቤት እስክደርስ ደህና ናት ደህና ናት እያልኩ መጣሁ።

ደረጃውን አልወጣሁም። ልብስ ሰፊው ሱቅ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ማሽኑን አቆመ። ምንም ሳልጠይቀው «ልቧ ነው» አለ። ከመስከረም ጀምሮ ታውቃለች። ማክሰኞ ማክሰኞ ሐኪም ጋ ነው የሚያደርሳት፤ ከአውቶቡሱ እስከ ክሊኒኩ ብቻዋን መራመድ ስለማትችል። ልቧ ደሙን መግፋት ደክሞታል፤ እጅና እግሯ ሙቀት አይደርሰውም። እግሯ አብጦ የራሱን ጫማ ሰጣት። ስትጋደም ትንፋሿ ስለሚያጥራት ነው ቁጭ ብላ የምታድረው።

«መድኃኒት ይሰጧታል፤ ግን ዘግይታ ነው የሄደችው» አለ። ከዚያ መቀሱን አንስቶ ምንም ሳይቆርጥ መልሶ አስቀመጠው።

አሁን ከሷ አልጋ ማዶ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ከትራሶቿ ላይ አንገቷን ጣል አድርጋ ታሸልባለች። አንድ ወር ሙሉ ቀለም ስፈልግ ከረምኩ። መዳፏን በየቀኑ በእጄ ይዣለሁ። ቀዝቃዛ መሆኑን አውቃለሁ፣ ጥፍሯ ሰማያዊ ማለቱን አይቻለሁ፣ ሁሉን አይቼ የሎሚ ነው አልኩ፣ የስኳር ነው አልኩ። ሬሳ እጅ አልኳት። አንድ ሂና ቀቢ እንዴት እጅ ማየት ያቅታታል? ይህን የሚሳሳት ሰው እኔ ብቻ ነኝ።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 28

ነገርኳት፣ አውቄያለሁ ብዬ። ተንበርክኬ ጉልበቷ ላይ ፊቴን ቀበርኩ። «ይቅር በይኝ» ያልኩት ቀሚሷ ውስጥ ነው፤ ሰምታኝ እንደሆነ አላውቅም። ፀጉሬን ዳሰሰችኝ።

«ወቅቱ ይለፍ ብዬ ነው።»

«ወቅቱ ገደል ይግባ።»

«የሙሽራዋ እናት ትገድልሻለች» አለች። እንዲህ ናት።

ሐኪሙ ምን አለ አልኳት። «እሱ ምን ያውቃል፣ ገና ልጅ ነው» አለችና ወሬ ቀየረች። ሆስፒታል ተኚ ቢሏት እምቢ ብላለች፤ ሳህኑን በደንብ ሸፍኜ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሸፍኛለሁ። የፍል ውሃ ከረጢቱን ግን እሷን አሳቀፍኳት፤ ሂናውን የራሴ ሆድ ላይ አስሬ ዋልኩ።

ቅዳሜ፣ ጥር 4

ሙሽራዋ፣ አራት እህቶች፣ ሦስት አክስት፣ አንዲት ወሬኛ ጎረቤት። ከጠዋት እስከ ማታ። ሁሉንም እኔ አቦካሁ፣ እኔ ጠቀለልኩ፣ እኔ ሳልኩ። እትዬ ከጥግ፣ ትራሶቿ መሃል ሆና ትመራለች፤ «እጇ አልሞቀም፣ ኩባያውን መልሺላት» ትለኛለች። ሴቶቹ እናቴ መስላቸው «እማማ» ይሏታል። ገና ሃምሳ ያልሞላት ሴት ናት። ጥርሴን ነክሼ ሳልኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ረቡዕ፣ ጥር 8

የሙሽራዋ እናት ስጦታ ይዛ መጣች፣ ቀለሙ ከአምናው በልጧል ብላ። እትዬ ደስ አላት፤ ፊቷ ላይ ሳየው ዕድሜዋ ቀነሰ።

ከሰዓት «እስቲ እኔንም ሳይኝ» አለችኝ። መዳፏ ላይ ሁልጊዜ ጠብታ ብቻ ነበር፤ አበባ ወጥቶበት አያውቅም። መፈተኛ ነበረቻ። ቀለሙ እንደማይይዝ ሁለታችንም እናውቃለን።

ሳልኩላት። ጊዜ ወስጄ፣ ለማንም ሙሽራ ያልሳልኩትን ነው የሳልኩላት። ከመዳፏ ተነስቶ በየጣቱ የሚወጣ ሐረግ፣ አንጓዋ ላይ ደቃቅ ነጥብ። ሲደርቅ ሁለቱን እጆቿን ሹራቤ ውስጥ አስገብቼ ሆዴ ላይ ያዝኳቸው። ቅዝቃዜያቸው ትንፋሼን ወሰደው። ልብስ ሰፊው ሾርባ ይዞ መጣ፤ እኛን ሲያይ ሳህኑን አስቀምጦ በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

«እንዲህ ታቅፈሽኝ አታውቂም» አለች።

«አንቺ ነበርሽ የምታቅፊኝ።»

«ከባድ ነበርሽ» አለችኝ። «ድቡልቡል።»

ሐሙስ፣ ጥር 9

ፈዛዛ ብርቱካን ነው የያዘው። ብርሃን ላይ ካልሆነ አይታይም። መስኮቱ ጋ አስጠግታ አገላብጣ አየችው። «ምን ይወጣለታል» አለች። ለልብስ ሰፊውም አሳየችው።

ቅዳሜ፣ ጥር 11

እትዬ ሞተች። ከምሳ በኋላ፣ ትራሶቿ ላይ እንደተደገፈች። ሎሚ ልገዛ ወጥቼ ነበር። የማይረባ ሎሚ።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

እሁድ ቀበርናት። ብዙ ሴት መጣ፣ ብዙዎቹ እጃቸው ላይ የኔ ሂና አለ። ሁሉም ጠቁሯል።

መጻፍ አልቻልኩም።

ሰኞ፣ ጥር 20

ልብስ ሰፊው ዛሬ ወጥቶ በሩን አንኳኳ። ካልበላሽ ብሎ ዳቦ አመጣ። ጫማውን ከአልጋዋ ሥር አውጥቼ ሰጠሁት፤ አልተቀበለኝም።

ትልቅ ድፍረት ደፈርኩና «ታገባት ነበር?» አልኩት። መቼም ያ ሁሉ ቅናቴ የእብድ ቅናት እንደነበር እንዲነግረኝ ነው የፈለግሁት። ኧረ የምን ማግባት፣ ጎረቤት ነበርኩ እንዲለኝ።

ዳቦውን ቆረሰ። አልበላውም።

«ካቻምና ጠይቄያት ነበር» አለ። «ገና ሳትታመም፣ ደህና ሳለች። እሷም ልቧ ነበረበት፤ አልዋሽሽም። ግን ጩጬ ማቡካት አትችልም አለችኝ። እኔ ከወጣሁ ስራው ይፈርስባታል፣ ብቻዋን ትራባለች አለች። ስትችል እንነጋገራለን፣ እስከዚያ ጠብቀኝ አለችኝ። እኔም ጠበቅኩ።»

«ለምን አልነገረችኝም?»

«በየዓመቱ ማቡካት ተማሪ እላታለሁ እኮ ነው ያለችኝ። አንቺም ‹አንቺ እያለሽልኝ› ትያታለሽ፤ ደስ ይላታል፣ ያሳዝናታል፣ ሁለቱንም።»

ሲወርድ የእግሩን ድምፅ እስከ ታች ሰማሁት። ማሽኑ ግን አልተነሳም።

በሬን ዘግቼ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ዱቄት መንፋት። ሎሚ መጭመቅ። ሳህን በብርድ ልብስ መጠቅለል። በአንድ ወር የተማርኩት ነገር ነው። እየተነጫነጭኩ፣ እየተማረርኩ፣ በአንድ ወር። ካቻምና ብማረው ኖሮ።

ማክሰኞ፣ ጥር 21

ዛሬ ደንበኛ የለኝም። ቢሆንም ተነስቼ አቦካሁ። ማንም አልመራኝም። ከማንኪያው ላይ ተዝለግልጎ ወረደ፤ ላዩ ቡናማ፣ ውስጡ አረንጓዴ ሆነ። ኮኑን ጠቀለልኩ፣ ጫፉ ቀጭን፣ ሳይፈታ። በራሴ መዳፍ ሞከርኩት፣ ያዘ።

ይኸው ቻልኩ እትዬ። አሁን ልታገቢ ትችያለሽ።